ሳይጎብጥ የሚሰበር

ተራ ብረት በየቤቱ እንዳይገኝ ከተከለከለ ስድስት ዓመት ሆኖታል። አልጋውም፣ ማንኪያውም፣ የደረጃው መደገፊያም ደቃቅ የሸክላ ቅንጣት ከተቀላቀለበት አሉሚኒየም ይሠራል። ጥንካሬው እጥፍ ነው ይላሉ፤ መቼም ማለት አያቅታቸውም።

አቶ ጠናው በፋብሪካ ውስጥ ብረት እስኪበጠስ እየሳቡ ሲፈትኑ ሠላሳ ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው። ባለፈው ሳምንት ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት አዲሱን የደረጃ መደገፊያ ተደግፈው ከፎቅ ሲወርዱ፣ መደገፊያው ቅንጣት ታህል ሳይጎብጥ ለሁለት ተሰበረ። የእሳቸውም ዳሌ አብሮ ተሰበረ።

አቶ ጠናው የደበቁትን የድሮ ብረት አውጥተው በደረጃው በሌላኛው በኩል ተክለው ሲጨርሱ ተቆጣጣሪው መጣ።

«አባባ፣ ይህ ክልክል ነው። ቅንጣቱ የበዛበት፣ ከበፊቱም የሚጠነክር መደገፊያ እናመጣልዎታለን።»

«ቅንጣቱ በበዛ ቁጥር ይደርቃል፣ ልጄ። ይኼ የድሮው ብረት ሲደክመው ይጎብጣል፤ አይቼ እለውጠዋለሁ። የእናንተው ግን መድከሙን የሚናገረው ሰው ከጣለ በኋላ ነው።»

«ፈተናውን አልፏል እኮ።»

«አዎ፣ አልፏል። የሺ ናት የወደቀችው።»

ወይዘሮ የሺመቤት ከመኝታ ቤት ሆነው፣ «ተወው ጠናው፤ ያስጠኑትን ነው የሚለው» አሉ።

ተቆጣጣሪው ብረቱ በሦስት ቀን ውስጥ እንዲነሣ አቶ ጠናውን አስፈርሞ ለመውረድ ተነሣ። ደረጃው ቁልቁለቱ የበረታ ነበር። በግራ የተሰበረው መደገፊያ ቀሪ፣ በቀኝ ክልክሉ ብረት አለ። ጥቂት ቆመና ቀኙን ያዘ።

«ጠበቅ አድርገህ ያዘው» አሉት አቶ ጠናው።