ያልተከፈተው ገጽ

የኢንተርኔት ቤቱ ሠራተኛ ማሊክ ጠረጴዛው ሥር ገብቶ የኢንተርኔቱን ገመድ ከኮምፒውተሩ ነቀለና ጫፉን በመዳፉ ጨብጦ እንደ ተንበረከከ ቀረ። እማማ ንጎኔ ከበላዩ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ከጌት ንዳር የባሕር ዳርቻ በጀልባ ወደ ስፔን ከተነሣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ዛሬ ጠዋት ባሕር የተፋቸው ሙታን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ወጣ ሲባል ሰምተው፣ ልጄ የለበትም ብለው ሊያረጋግጡ መጡ። ማሊክ ግን እሳቸው ከመድረሳቸው በፊት ፎቶዎቹን በስልኩ አይቷቸው ነበር።

«አልከፈት አለ እንዴ፣ ልጄ?»

«መስመሩ ነው፣ እማማ። ከጠዋት ጀምሮ ታሟል።»

አጠገባቸው ኳስ የሚያይ ጎረምሳ ሳቀ። «ምን ታሟል ትላለህ? የኔ እየበረረ ነው እኮ! ማሊክ፣ ይሄን ሙያ ከዓሣ ተራ ነው እንዴ የገዛኸው?»

እማማ ንጎኔ ወደ ጎረምሳው ኮምፒውተር ዞር ብለው ተጫዋቾቹ ሲሮጡ አዩ። ከዚያ ጎንበስ አሉና ማሊክ የጨበጠውን ገመድ አዩ። ማሊክ ሊደብቀው አልሞከረም።

«ሸሚዙ ሰማያዊ ነው?» አሉት በቀስታ።

ማሊክ አንገቱን ደፋ። እሳቸው ሻሻቸውን አጥብቀው አሰሩ፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዘው ተነሡ። ጎረምሳው እንዳይሰማ እንደገና ወደ ማሊክ ጎንበስ አሉ።

«ምራቴ ከቀትር በኋላ ትመጣለች» አሉት። «ወሯ ገብቷል፤ ዛሬ ነገ ነው የምትወልደው። ለሷም እንዳይከፈት አድርግ።»