ዝቅ ያለው ትከሻ

«አትተንፍሺ» እላታለሁ ሞዴሏን፣ ስፒሎቹን በከንፈሬ እንደያዝኩ። ጀርባዋን ሰጥታኝ በርጩማው ላይ ቆማለች። ዚፑን እስከ ላይ እስበውና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብዬ አያለሁ። ቀሚሱ ጠሟል።

ስፌቱስ አልጠመመም፤ የቆረጥኩትም የሰፋሁትም እኔ ነኝ። የጠመመው ሥዕሉ ነው። ከቀኝ ትከሻ ወደ ግራ የሚሻገረው፣ ሰማይና ውኃ የሚገናኙበት ሰማያዊ መስመር ግራው ጋ ሲደርስ ሽቅብ ይወጣል።

«ጋሼ፣ ና እስቲ ጉድህን እይ» እላለሁ።

ሠዓሊው መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ጥፍሩ ሥር የገባውን ቀለም ይፍቃል። አትቀመጥበት ብዬ ለምኜው፣ ተቆጥቼው፣ ትቼዋለሁ።

«ምን ሆነ?»

«ውኃህ ወደ ቀኝ ሊፈስ ነው።»

መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አተኩሮ ያያል። «ቀጥ ያለ ነው» ይላል። «ጠማማዋ ልጅቷ ትሆናለች።»

«እናቴም እንዲሁ ነው የምትለኝ» ትላለች ሞዴሏ፤ ሁለቱ ይስቃሉ።

እኔን ግን ሳቅ አልመጣኝም። ትርኢቱ ነገ ነው፤ ይሄ ደግሞ የመዝጊያው ቀሚስ ነው። ሥዕልህን በማሽን እናሳትመው ስለው ሞቼ እገኛለሁ ያለው እሱ ነው። እኔ የፊቱንና የጀርባውን ጨርቅ ቆርጬ እልክለታለሁ፣ እሱ ወለል ላይ ዘርግቶ በእጁ ይስልበታል፣ እኔ እሰፋዋለሁ። የቀሩት ቀሚሶች ሲገጣጠሙ አንዲት መስመር ንቅንቅ አላለችም። እጁንማ አውቀዋለሁ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ቢያሰምር እንኳ አይስትም።

ምን ያህል እንደሳተ ልለካ ሜትሬን ስፈልግ አጣሁትና ጣቶቼን አስጠጋሁ። መስመሩ ካለበት መሆን እስከሚገባው ቦታ ድረስ ልክ ሁለት ጣት ነው፤ ሌባ ጣቴና የመሀል ጣቴ።

ደግሜ ለካሁት፤ ሁለት ጣት።

ይህን ልክ አውቀዋለሁ። ለእትዬ ልብስ ስሰፋ ግራውን ትከሻ ሁለት ጣት ዝቅ አደርግላት ነበር። በሜትር ለክቼው አላውቅም፤ መለኪያው ይኸው ጣቴ ነበር። እናታችን ሥራ ስትውል እኔን ግራ ጎኗ ላይ ተሸክማ ያሳደገችኝ እትዬ ናት። ልክ በወሰድኩላት ቁጥር «ትከሻዬን አዘንብለሽ ቁመቴን የቀማሽኝ አንቺ» ትለኝ ነበር።

እትዬ የኔ ታላቅ እህት፣ የጋሼ ሚስት ናት። ከሞተች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው።

ብሩሹን ጥሎ ቤቱን ዘግቶ ቢቀመጥ ነው ይህን ሥራ ያመጣሁለት። ለሰው ግን ሥዕልና ልብስ አብረው ገበያ ይስባሉ እያልኩ ነው የማወራው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እንነታረካለን፤ ስለ ሐር፣ ስለ ቀለም፣ ስለ ካውያ ሙቀት። ስለ እሷ ግን አንድ ቀን አንስተን አናውቅም። እኔ እሱ እንዳይከፋው ብዬ፣ እሱም ለኔ ብሎ።

«ጋሼ» እላለሁ፣ ስፒሎቹን ከአፌ አውጥቼ። «ይሄ የእትዬ ትከሻ ነው።»

መነጽሩን ወደ ዓይኑ መልሶ ቀሚሱን ረዘም ላለ ጊዜ ያየዋል። ፊቱ ላይ መጀመሪያ የመጣው ግራ መጋባት ነው፤ አውቆ እንዳላደረገው ያኔ ገባኝ።

«ቀጥ አድርጌ ነው የሣልኩት፣ ሚጣ» ይላል ቀስ ብሎ። አርባ ዓመቴ ነው፤ ለሱ ግን አሁንም ሚጣ ነኝ። «ጨርቁን ስዘረጋው... ለብሳው ነው የሚታየኝ። እሷ ላይ ቀጥ ይላል።»

«አዎ። እሷ ላይ ቀጥ ይላል።»

«ናፈቀችኝ እኮ።»

«እኔንም» እላለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ስለ እሷ የተባባልነው ይኸው ነው።

ሞዴሏ ነገሩ ገብቷት ይሁን ደክሟት አንገቷን ደፍታለች። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ጀርባዋን እንደሰጠችን ነው። ቀሚሱን ማዳኛው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ጀርባውን ፈትቼ፣ ጨርቁን ዘንበል አድርጌ፣ እንደገና መቁረጥ። መስመሩ ይስተካከላል፣ ለማንም ይሆናል። የእትዬ ትከሻ ግን ቁራጭ ጨርቅ ሆኖ ወለል ላይ ይቀራል። ሌላ እንዲስል ጊዜ የለም፤ ቢኖርም፣ አሁን ካወቀ በኋላ እጁ እንደዚያ አይታዘዘውም።

«ቁረጪው» ይላል። «ነገ ሰው ፊት ጠማማ ልብስ ልታሳዪ ነው እንዴ? ስምሽ አይበላሽ። ቁረጪው ግዴለም።»

መቀሱን አነሳለሁ። ወትሮ ለጨርቅ አላዝንም፤ ዛሬ ግን እጄ ላይ ከበደኝ።

«ቆይ» እላለሁ፣ ለማን እንደምለው እንጃ። ከዚያ ለሞዴሏ፣ «የኔ እመቤት፣ ግራ ትከሻሽን ዝቅ አድርጊው እስቲ።»

«እንዲህ?»

«ትንሽ ጨምሪ። ልጅ እንደ ተሸከመ ሰው። እዚያ ጋ... በቃ።»

መስመሩ ቀጥ አለ። ውኃው ረጋ። ፀጉሯን ሰብስባ አስራዋለች፤ አንገቷ፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለው ትከሻዋ፣ ከወገቧ በታች የሚወርደው ሐር፣ ሁሉም በመስኮቱ ብርሃን ላይ ነው። ሠዓሊው ከጠረጴዛው ወርዶ አጠገቤ ቆሟል። ትንፋሹ ይሰማኛል።

«ልዙር?» ትላለች ሞዴሏ።

«ትንሽ እንዲሁ ቆዪልን» እላታለሁ፣ መቀሱን አስቀምጬ።