ሽቦና አጥንት

ሽቦው የእማማ ፖኩዋን የደረት አጥንት እንደ በሰለ ድንች ሰንጥቆት ወጣ። ዶክተር ሰርዋ ጉጠቷን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

“ምን ሆነ?” አለች ሲስተር ኦፎሪዋ።

“አጥንቱ አልይዝ አለኝ። ስኳሩና እርጅናው በልተውታል።”

በተከፈተው ደረት ውስጥ የአሮጊቷ ልብ ይመታል። ፕሮፌሰሩ ቫልቩን ቀይረው፣ “የቀረው መዝጋት ብቻ ነው፣ አንቺ ትጨርሺዋለሽ” ብለው ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደዋል። መዝጋት ብቻ! ሰርዋ ብቻዋን ደረት ስትዘጋ የመጀመሪያዋ ነው። ካልገጠመ፣ እማማ በሳሉ ቁጥር አጥንቱ እየተላወሰ ይከፈታል፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ያ ሁሉ የተለፋበት ልብ በመግል ይጠፋል።

ይባስ ብሎ ከኮሪደሩ ዘፈን ተሰማ። ፕሮፌሰሩ ሲያልፉ “ልባቸው ተነሥቶ እየመታ ነው” ብለው ኖሮ፣ የኩማሲ ከተማ ሰው ምን ይጠብቃል! የእማማ የገበያ ጓደኞች፣ እነዚያ ያም የሚባለውን ሥራ ሥር ሻጮች፣ እንደ አገሩ የደስታ ወግ ነጫቸውን ለብሰው፣ አንገታቸው ላይ ነጭ ዱቄት ነስንሰው ምስጋናውን ያቀልጡታል።

“አይ እነዚህ ሴቶች! ዝም በሉ ልበላቸው?” አለች ሲስተር።

“ተያቸው። ዝም በሉ ካልሻቸው እማማ ሞቱ ብለው ነው የሚጮኹት።”

ሰርዋ እጇን ወደ ሲስተር ዘረጋች። በጣም ፈርታለች።

“ረጅም ሽቦ ስጪኝ።”

አጥንቱን መውጋት ትታ፣ በጠርዙ በኩል ከጎድን አጥንቶቹ መሀል እያስገባች እያወጣች ሽቦውን ከላይ እስከ ታች ትጎነጉነው ጀመር። እዚያው ጠርዝ ሥር ደም ሥር ይሄዳል፤ መርፌው ከነካው ደረቱ በደም ይሞላል። ትንፋሿን ይዛ አለፈችው። በሌላው ጎንም ደገመችው። ከዚያ ሁለቱን ጎኖች የሚያስሩትን አግዳሚ ሽቦዎች ከጉንጉኑ ውጭ አዙራ፣ የተከፈለውን አጥንት ሁለት ግማሾች ቀስ አድርጋ አቀራረበቻቸው። አጥንቱ አልተሰነጠቀም።

“የደም ግፊታቸውስ?” አለችው ማደንዘዣ ሰጪውን።

“እንዳለ ነው።”

ሽቦዎቹን ጠመዘዘች። ለጥንቃቄ ትንሽ ልትጨምር ስትል ሲስተር በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

“በቃ ዶክተርዬ! ስግብግብ አትሁኚ፣ ትቆርጪዋለሽ።”

ሰርዋ መዳፏን ደረቱ ላይ አሳረፈች። የመተንፈሻው ማሽን አየር ነፋ። ግማሾቹ ይላወሱ እንደሆነ በጣቶቿ ጠበቀች። ደረቱ አንድ ሆኖ ተነሣ፣ አንድ ሆኖ ወረደ።

“ያዘ” አለች ሲስተር። “በይ እጅሽን አንሺ፣ ቆዳውን እንዝጋ።”

ሰርዋ ሰምታታለች። እጇን ማንሣት ግን ፈራች።