የዲንሾ ዳገትና የጓድ መሸሻ ፒካፕ

የጎባው ካድሬ ጓድ መሸሻ ፒካፕ ከተሰጣቸው ወዲህ እግር እንዳላቸውም ረስተው ነበር። መኪናዋ አረንጓዴ ናት፣ አዲስ ናት፣ ክላክሷ የሞተ ይቀሰቅሳል። አንድ ክፉ አመል ብቻ አለባት። ቀስ ሲሏት ትሄዳለች፤ ነዳጅ ሲረግጡባት አስላ አስላ ቀጥ!

በሌላ ጊዜ ቢሆን ማን ጉዳዬ ይላል? ግን ጊዜው የብሔራዊ ውትድርና ነው። ጓድ መሸሻ ከዲንሾ ጎረምሳ አፍሰው እንዲያመጡ ታዘዋል፤ ኮታው ካልሞላ ወንበሩ የሌላ ነው። ፒካፗ ደግሞ የዲንሾ ዳገት ላይ ስትደርስ ትቆማለች። ሳሏን የሰማ ጎረምሳ ሁሉ ወደ ተራራው ሽው! ካድሬው ሲደርሱ የሚጠብቃቸው ሽማግሌ፣ በግና ገብስ ነው።

ሹፌሩ ዳቢሴ ይባላል። እንደሱ ያለ ታዛዥ ባሌ ውስጥ አልተወለደም። ጠዋት የጎባ ውርጭ ሞተሩን ሲያቆራምደው፣ ሬዲዮኑ ሥር ያለችውን የቾክ እጀታ ስቦ ያስነሳል፤ ሲሞቅ መልሶ ይገፋታል። ከዚያ ወርዶ ለጓድ መሸሻ በር ይከፍታል። በመመሪያና በሽጉጥ የከበደውን ቦርሳቸውን ተቀብሎ ፊት ለፊታቸው ይሰቅልላቸዋል። ታዲያ የካድሬ ጉልበት ይጨናነቅ እንዴ?

መኪናዋ ሮቤ፣ ማሜ ጋራዥ ገባች። ማሜ እጁ ቅባት፣ አፉ ሬዲዮ የሆነ ሰው ነው።

«ያ ዳቢሴ! አንተ ነህ ጥፋተኛው» አለ ኮፈኑን ሳይከፍት። «የሞቀ ሞተር ላይ ቾክ ከተሳበ ቤንዚን ያንቀዋል። መመለስ ትረሳለህ!»

«ወላሂ፣ ከተነሳች በኋላ እጄ ንክች አያደርገውም!»

«እውነቱን ነው» አሉ ጓድ መሸሻ። «ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው። በዓይኔ እያየሁ ነው የምትቆመው።»

በዚሁ ዳቢሴ ነፃ ወጣ።

ማሜ ካንዴላውን ቀየረ፣ ካርቡሬተሩን ፈታ፣ ታንኩን አጠበ፣ ቱቦውን በአፉ ነፋ። ከዳቢሴ ጋር ሆነው ሮቤ ላይ ሞከሯት፤ በረረች። ጓድ መሸሻን አሳፍራ ዲንሾ ስትሄድ ዳገቱ ላይ ቀጥ!

ጓድ መሸሻ ቦርሳቸውን መንጭቀው፣ ሽጉጡን አውጥተው ወረዱ። በማን ላይ እንደሚተኩሱ ግን አያውቁም። ዳቢሴ ኮፈን ከፍቶ ራሱን ይነቀንቃል። ዳገቱ ሥር የምትኖረው እህቱ ረቢያ ወተት ይዛ ብቅ አለች።

«ማል ታኤ ጓድ? ዛሬም አመማት?»

«ልጆችሽስ የት አሉ?»

«ከብት ጠፍቶባቸው ፍለጋ ወጡ።»

«ባለፈውም ጠፍቶ ነበር!»

«ምን ላድርግ፣ አመለኛ ከብት ነው። ይጠጡ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል።»

ጠጡ። ጠጥተው ሲጨርሱ መኪናዋ ተነሳች። ዲንሾ ግን ባዶ ነበር።

ሮቤ ሲመለሱ ጓድ መሸሻ ማሜ ጋራዥ ውስጥ ስብሰባ የሚመሩ ይመስል ጮኹ።

«ሮቤ ላይ ተራማጅ፣ ዲንሾ ላይ አድኃሪ የሚሆን ሞተር የለም! ይህ አሻጥር ነው! ማሜ፣ አንተም ለውትድርና የደረሰ ልጅ አለህ፤ የማላውቅ መስሎህ ነው? ነገ አብረኸን ትወጣለህ። ዳገቱ ላይ ከቆመች፣ ከዚያው ወደ እስር ቤት ነህ።»

የማሜ አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ተዘጋ። ሚስቱ ጁሀራ ብርድ ልብስ አጥፋ ሰጠችው።

«ቁርስ ነው የማመላልስልህ ወይስ ምሳ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ገና አልታሰርኩም እኮ!»

«እሱማ ነው። ግን አስቀድሜ ልወቀው ብዬ ነው» አለችና እንባዋን በሻሿ ጠረገች።

በማግሥቱ ለሙከራ ሦስት ሆነው ወጡ፤ ሚሊሺያ አልተጫነም። ማሜ መሀል ተቀመጠ። ዳቢሴ የጓድ መሸሻን ቦርሳ እንደልማዱ ተቀበለና ማሜ ጭን ላይ ጣለው።

«ያዝ እንግዲህ፤ ለእስረኛ ሥራ አይጠፋም።»

ማሜ ቦርሳውን እንደ ሕፃን ታቅፎ ቢስሚላሂ ማለት ጀመረ። ዳቢሴ ዳገቱ ሥር ሲደርስ ነዳጁን ረገጠው። አቤት! ፒካፗ ጮኸች፣ ዶሮ ተበተነ፣ የጓድ መሸሻ ኮፍያ በመስኮት ወጥቶ ገብስ ማሳ ውስጥ ቀረ። አንድም ጊዜ ሳታስል ዳገቱ ጫፍ ላይ አወጣቻቸው።

«ሳይንስ አሸነፈ!» አሉ ጓድ መሸሻ። ማሜን አቅፈው ቅባቱን በካኪያቸው ተቀበሉ።

ማሜ ምን እንደሠራ እሱም አያውቅም። ግን አፉ ወዲያው ተከፈተ። «ደም ሥሯን አገኘኋት፣ ጓድ! ከእንግዲህ ብትቆም እንኳ የእኔ እጅ የለበትም፤ የተራራው አየር ነው።»

«ገብቶኛል፤ በዓይኔ አየሁ። አንተ የሰፊው ሕዝብ መካኒክ ነህ!»

ጁሀራ ብርድ ልብሱን መልሳ ዘረጋች።

ሰኞ ጠዋት ሚሊሺያዎቹ ከኋላ ተጫኑ። ጎባ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። ጓድ መሸሻ አዲስ ኮፍያ አድርገው፣ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው መጡ።

«ዛሬ አንድም አያመልጠኝም፣ ዳቢሴ። ከእህትህ ልጆች ነው የምጀምረው፤ ቅር እንዳይልህ።»

«ኧረ ምን ቅሬታ አለ፣ አብዮቱ ይቅደም እንጂ!»

ዳቢሴ ሞተሩ እስኪሞቅ ጠበቀ፣ የቾኳን እጀታ ቀስ አድርጎ ወደ ቦታዋ ገፋት፣ በእጅጌው ጠረግ ጠረግ አደረጋትና እጁን ዘረጋ።

«ጓድ፣ ቦርሳዎን እንደ ወትሮው እዚችው እጀታ ላይ ልስቀልልዎት?»