የ«በሞቴ» ሳጥን

በቤታችን፣ እንደ ሌላው ሰው ቤት ሁሉ፣ ምድጃውም ማቀዝቀዣውም የሚታዘዙት ተናጋሪው ቤት ለሚመራበት ሥዕል ብቻ ነው። ሳጥንና ቀስት የሞላበትን ይህን ሥዕል በነፃ የምናሻሽለው እኛ በማኅበር የተደራጀን በጎ ፈቃደኞች ነን። ባለፈው ወር፣ እንግዳ «አልበላም» ሲል ሦስት ጊዜ «በሞቴ» እያለ የሚለምነው ሳጥን እንዲሰረዝ ሐሳብ አቀረብኩ። «ቤት አይሞት፤ በማን ሞት ነው የሚለምነው?» ብዬ ጻፍኩ። አራት ሺህ ሰው ድምፅ ሰጠኝ። ሥዕሉም ጸዳ፣ አማረ፤ እኔም ተሸለምኩበት።

ዛሬ አክስቴ እልፍነሽ ከደብረ ሲና መጣች።

«ምሳ ላቅርብ?» አላት ቤቱ።

«ኧረ በልቻለሁ» አለች፣ እንደ ወጉ።

ቀስቱ ሳይወላውል «ጠግባለች» የሚለው ሳጥን ውስጥ ገባ። ምድጃው ጠፋ፤ ማቀዝቀዣው እስከ እራት ተቆለፈ።

«ለወጉ ነው እንጂ አልበላችም እኮ!» ብዬ ለማኅበሩ ጻፍኩ።

ወዲያው መለሱልኝ፦ «ጥያቄዎ በስድስት ወር ውስጥ ይታያል። በነገራችን ላይ፣ አዲሱን ሥዕልዎን በጣም ወደነዋል።»

የአክስቴ ሆድ ሲጮህ ሰማሁ። ከዘንቢሏ ቆሎ አወጣችና «እንካ ልጄ፣ ቅመስ» አለችኝ።

አንጀቴ በረሃብ ታጥፎ፣ አፌ ግን «በልቻለሁ» አለ።

«በሞቴ!» አለችና መዳፌን ሞላችው፤ የማንንም ድምፅ ሳትጠብቅ።