ክዳን የሌለው ጆይስቲክ

ባለሱቁ ሴትዮዋን ገና ስትገባ አላመናትም። ጥቁር ለብሳለች፤ ሐዘንተኛ ደግሞ የጌም ዕቃ ልግዛ ብሎ አይመጣም። ባለፈው ወር የጎረቤቱ ሱቅ የሌባ ዕቃ ተገኝቶበት የታሸገው እንዲህ ባለች ጭምት ደንበኛ ጥቆማ ነበር። እሱም ቢሆን ማንም ያመጣለትን ዕቃ ደረሰኝ ሳይጠይቅ ይገዛል።

«ገመድ አልባ ጆይስቲክ ፈልጌ ነበር» አለች።

ካርቶኑ ያልተከፈተ አዲስ አወጣላት። ዞር ብላም አላየችው። ያገለገሉት የተከመሩበትን ሣጥን ሳበችና እያገላበጠች ጀርባ ጀርባቸውን ትመረምር ጀመር።

«እትዬ፣ ለልጅዎ ነው?»

«ልጅ የለኝም።»

«ታዲያ እርስዎ ይጫወታሉ?»

«ሁልጊዜ እሸነፍ ነበር።»

ቀልድ መሰለው፤ ፊቷ ላይ ግን ሳቅ አልነበረም። የባትሪ ክዳኑ ጠፍቶ በፕላስተር የተለበጠ አንድ አሮጌ ጆይስቲክ ስታነሳ እጇ ቆመ።

«ይሄን ከማን ገዛኸው?»

«ከ... ከዱባይ የመጣ ነው። ደግሞ እሱ አይሆንዎትም፤ ክዳን የለውም።»

ፕላስተሩን በጥፍሯ ላጠችው። ከቦርሳዋ የፖሊስ መታወቂያ ታወጣለች ብሎ ሲጠብቅ፣ ትንሽ ክዳን አውጥታ ከጀርባው ገጠመችው። ቀጭ ብሎ ገባ። ክዳኑ ላይ የነበረው የቀይ ጥፍር ቀለም መስመር ጆይስቲኩ ላይ ካለው ግማሹ ጋር ተገናኘ።

«የባለቤቴ አርባ እንደወጣ፣ ወንድሙ ዕቃውን ሁሉ ለነዳያን ሰጠሁት ብሎኝ ነበር» አለች። «ይቺ ክዳን ብቻ ሶፋ ሥር ቀርታ አገኘኋት።»

ባለሱቁ የተላጠውን ፕላስተር አንስቶ በጣቱ ጠቀለለው።

«ስንት ነው?» አለችው።