ለፎቶ የቆመ ሳር

«አዴ ጋዲሴ፣ ማጭዱን ያስቀምጡት... ዛሬ አይታጨድም።»

ጋዲሴ ቀና አለች። የግብርና ባለሙያው ኢሊያስ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ አጥሩ ጋ ቆሟል።

«ደረት ጋ ሲደርስ ይታጨድ ያልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ?»

«ነኝ... ግን ሐሙስ ከአዳማ እንግዶች ይመጣሉ። አለቃዬ ረዝሞ እንዲያዩት ይፈልጋል። ካጨዱት እኔ ከሥራ እባረራለሁ።»

ጋዲሴ አዘነችለት። ማጭዷን አስቀመጠች።

ለማታውቁ ላስረዳችሁ... የተሻሻለው የዝሆን ሳር ቶሎ ይደርሳል፣ ቅጠሉም ይበዛል። ግን በጊዜው መታጨድ አለበት። ካለፈበት አገዳው እንጨት ይሆናል። ላም ብታኝከውም ወተት አይሆናትም።

ከባቱ ወጣ ብላ ባለችው በዚያች ቀበሌ ይህን ሳር መጀመሪያ የተከለችው ጋዲሴ ናት፤ «ሞዴል አርሶ አደር» የተባለችውም ለዚህ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷ የቆመው በአንዲት ላም ወተት ነው... በቡሬ።

ሐሙስ ደረሰ። እንግዶቹ ቀሩ።

«ለሚቀጥለው ሳምንት ተላልፏል» አለ ኢሊያስ።

የሚቀጥለውም ተላለፈ... ከዚያም ሌላው።

ሳሩ ከጋዲሴ ቁመት አለፈ። ቡሬ ጭድ ስትበላ ከረመች።

ጎረቤቷ ጫምሳ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ቀለደባት።

«አንቺ፣ ሳር ነው ደን የተከልሽው? ጅብ ሳይገባበት እጨጂው።»

«ለኢሊያስ ቃል ገብቼለታለሁ።»

«እኔ አንቺ የሰጠሽኝን የሳር ቁራጭ ተክዬ ይኸው ሁለተኛ ዙር አጨድኩ። ሞዴል አለመሆኔ በጀኝ።»

ሁለት ወር ሲሞላ ጭዱ አለቀ። የቡሬ አጥንት ወጣ፣ ወተቷም ሊነጥፍ ደረሰ።

አንድ ቀን ጋዲሴ ግራ ቀኝ አይታ ከገዛ ማሳዋ አንድ ሸክም ሰርቃ አጨደችላት...

ቡሬ አገዳውን አሸተተችው። ፊቷን አዞረች።

ከምትሞትብኝ ብላ ሸጠቻት።

ከዚያ በኋላ የሚበላው ስላልነበረ ሳሩ እንደቆመ ቀረ።

ወር ተኩል አልፎ እንግዶቹ መጡ። ሦስት መኪና ሙሉ።

«ግሩም ነው» አሉ ትልቁ ሰውዬ ሽቅብ እያዩ። «ላሟስ የታለች? ሳሩን ስትበላ ፎቶ እናንሳት።»

ኢሊያስ ተሸጣለች ማለት አልደፈረም። ወደ ጫምሳ ግቢ ሮጠ... አንዲት ግቷ የሞላ፣ ቆዳዋ የሚያብረቀርቅ ላም እየጎተተ መጣ።

ላሟ ሳሩን ዞር ብላም አላየችው። ቀጥ ብላ ሄዳ ጭንቅላቷን ጋዲሴ ደረት ላይ አሳረፈች።

ቡሬ ነበረች።

የገዛት ጫምሳ ነው... ያወፈራት ደግሞ ጋዲሴ በነጻ ከሰጠችው ቁራጭ የበቀለው ሳር።

«በጣም ትወድሻለች» አሉ ሰውዬው እየሳቁ።

«አዎ» አለች ጋዲሴ።

ፎቶው ተነሳ። በፍሬም የታሰረ የምስክር ወረቀት ሰጧት።

መኪኖቹ አቧራቸውን አስነስተው እንደሄዱ ጫምሳ አቀርቅሮ መጣ። ዛሬ አልቀለደም። የቡሬን ገመድ ከጋዲሴ እጅ ተቀበለ።

ፎቶው ፌስቡክ ላይ ወጣ። «ሞዴል አርሶ አደር ከላሟ ጋር» ይላል። ስንቱ ላይክ አደረገው...

ወገኖቼ፣ ሳር የሚተከለው ላም እንድትበላው ነው። ለሰው ዓይን ብለን ያቆምነው ነገር ሁሉ የሆነ ቤት ውስጥ አንድ ሆድ ባዶውን ያሳድራል።

እስቲ ንገሩኝ... እናንተ በኢሊያስ ቦታ ብትሆኑ፣ ያን ቀን ማጭዱን «ያስቀምጡት» ትሉ ነበር?